የአድማ ድምፅ አድማ አይደለም

አሜሪካ ውስጥ በየዩኒቨርሲቲው እየተማሩ የሚያስተምሩና በየላቦራቶሪው የሚሠሩ ወገኖቻችን በየጥቂት ዓመቱ አንድ ኢሜይል ይደርሳቸዋል። የሚመጣው ከሠራተኛ ማኅበራቸው፣ ከዩኒየኑ ነው። «ውላችን ሊያልቅ ነው፤ ድርድሩ አልተንቀሳቀሰም፤ ከሰኞ ጀምሮ የአድማ ድምፅ ይሰጣል» ይላል። ታዲያ የብዙዎቻችን መልስ የታወቀ ነው። ኢሜይሉን እናነበዋለን፣ ልባችን ደንገጥ ይላል፣ ከዚያ እንዘጋዋለን። «እኔ በቪዛ ያለሁ ሰው ነኝ። የመጣሁት ለትምህርት ነው። አድማ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ?»

ይህ ፍርሃት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነው። በቋንቋችን «አድማ» የሚለው ቃል ራሱ ስሙ አያምርም። «አድመኛ» የተባለ ሰው ተሰብስቦ የዶለተ፣ ሰላም የነሳ ሰው ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የአገራችን የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ እስር እንደተከተለ ሁላችንም አይተናል። ይህን ያየ ሰው የአድማ ድምፅ ስጥ ሲባል ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ነገር ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። የአድማ ድምፅና አድማ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአድማ ድምፅ ማለት ተደራዳሪዎቻችን አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኙት አድማ የመጥራት ሥልጣን እንዲኖራቸው ውክልና መስጠት ነው። ድምፅ አለመስጠት ደግሞ ገለልተኝነት አይደለም። እሱም ራሱ የሚቆጠር መልስ ነው፤ በጥንቃቄ የሚቆጥረው ደግሞ አሠሪው ነው።

ድምፁ የሚመጣው የት ላይ ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከድርድሩ እንጀምር።

ዩኒየን ባለበት ዩኒቨርሲቲ ቲኤ የምንላቸው የማስተማር ረዳቶች፣ የምርምር ረዳቶች፣ ፖስትዶኮች ወይም በኮንትራት የሚያስተምሩ መምህራን ከመካከላቸው የድርድር ኮሚቴ ይመርጣሉ። ኮሚቴው ከዩኒቨርሲቲው ጋር የኅብረት ስምምነት ይዋዋላል። ስምምነቱ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ዓመታት የሚጸና ሲሆን፣ በውስጡ «ውሉ እስኪያበቃ ድረስ አድማ አይደረግም» የሚል አንቀጽ አለው። የአድማ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ውሉ ሊያልቅ ሲል ወይም ካለቀ በኋላ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ የተቋቋመ ዩኒየን ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ውል አልፈረም ሲል ነው።

በጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጡት አማካሪ ፕሮፌሰሮቻችን አይደሉም፤ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዎችና ጠበቆች ናቸው። ድርድሩ አንቀጽ በአንቀጽ ይሄዳል። ገንዘብ የማይጠይቁት አንቀጾች ቀድመው ይፈረማሉ፤ ደመወዝ፣ የጤና መድን፣ የልጅ መዋያ ወጪ፣ ዓለም አቀፍ ተማሪዎች የሚከፍሉት ልዩ ክፍያ የመሳሰሉት መጨረሻ ላይ ይቀራሉ። እዚህ ላይ ነገሩ ይንቀራፈፋል። «እናስብበት»፣ «በጀቱ አልታወቀም»፣ «በሚቀጥለው ወር እንገናኝ» ይባላል። ውሉ ቢያልቅም ሥራው አይቆምም፤ በአሮጌው ደመወዝ ይቀጥላል። ስለዚህ ድርድሩ በተጓተተ ቁጥር የሚጎዳው ሠራተኛው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው አይቸኩልም። የኮሚቴው አባላት ምንም ያህል የተዘጋጁ ቢሆኑ በእጃቸው ያለው ክርክር ብቻ ነው።

የአድማ ድምፅ የሚጠራው ይህንን ሚዛን ለማስተካከል ነው። ለአባላት የሚቀርበው ጥያቄ «ነገ ሥራ እናቁም ወይ?» የሚል አይደለም። «ሁኔታው የሚያስገድድ ሆኖ ከተገኘ የድርድር ኮሚቴው አድማ እንዲጠራ ትፈቅዳለህ ወይ?» ነው። ድምፁ ሚስጥራዊ ነው፣ አሁን አሁን ብዙ ጊዜ በኢንተርኔት ይሰጣል፣ ለተወሰኑ ቀናት ክፍት ሆኖ ይቆያል።

የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ሆኖ የተመሠረተውና ዛሬ እጅግ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞችን ያቀፈው ዩኤደብሊው በመተዳደሪያ ደንቡ ድምፅ ከሰጡት ውስጥ የሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ይጠይቃል። እሱም ብቻውን አይበቃም። የአድማ መጠባበቂያ ገንዘቡን የያዘው የማኅበሩ የበላይ አመራር ማጽደቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ቀን ይቆርጣል፤ ድርድሩም እስከዚያች ቀን ይቀጥላል። እንግዲህ «አዎ» ብለን ከተጫንንበት ቁልፍ እስከ ሰልፉ ድረስ ስንት በር እንዳለ ልብ በሉ።

ቁጥሩን የሚያነበው ማን ነው?

ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር አበሻ የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲን አያጣውም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 በዚያ ዩኒቨርሲቲ በኮንትራትና በትርፍ ሰዓት የሚያስተምሩ መምህራን፣ በኤስኢአይዩ ሎካል 500 ሥር የተደራጁት፣ የአድማ ድምፅ ሰጥተው ቀን ቆረጡ። ዓመታት የፈጀው ድርድር አድማው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት በስምምነት ተቋጨ። አድማው አልተደረገም፤ የአድማው ድምፅ ግን ሥራውን ሠርቷል።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ በዚያው ከተማ፣ የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር ሠራተኞች በበኩላቸው ወደ አድማ ገቡ። የመረጡት ጊዜ አዲስ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ሻንጣ እየጎተቱ የሚገቡበትን ሳምንት ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ ስምምነት ተደረሰ። የዩኒቨርሲቲ አድማ ጉልበቱ በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። የተማሪ መቀበያ፣ የፈተና ሰሞን፣ የውጤት ማስገቢያ ቀን ሁሉም የራሱ ዋጋ አለው። የበጋ ዕረፍት ላይ የሚጠራ አድማ ግን ማንንም አያስደነግጥም።

ትልቁ ምሳሌ የካሊፎርኒያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጸው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ያሉ 48 ሺህ ገደማ ቲኤዎች፣ ተማሪ ተመራማሪዎች፣ ፖስትዶኮችና ተመራማሪዎች የአድማ ድምፅ እንዲሰጡ ተጠሩ። ከ36 ሺህ በላይ ድምፅ ተሰጠ፤ ከ97 በመቶ በላይ የሚሆነው ድጋፍ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. አድማው ተጀመረ፤ በአሜሪካ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ እንዲህ ያለ ትልቅ አድማ ታይቶ አይታወቅም ተባለለት።

እዚህ ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ለዩ። የሚወራው 97ቱ ነው፤ የሚያስፈራው ግን 36 ሺሁ ነው። 1,000 ሠራተኛ ያለበትን ቦታ አስቡ። 300 ሰው ድምፅ ሰጥቶ 285ቱ «አዎ» ቢል ድጋፉ 95 በመቶ ነው፤ ጋዜጣ ላይ ያምራል። የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ የሚያየው ግን ዝም ያሉትን 700 ሰዎች ነው። «እነዚህ በአድማው ቀን ክፍል ገብተው ያስተምራሉ» ብሎ ይደመድማል። በሌላ በኩል 850 ሰው ድምፅ ሰጥቶ 680ው «አዎ» ቢል ድጋፉ 80 በመቶ ነው፤ ያንሳል። ግን ይሄኛው ዩኒቨርሲቲውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። የተቃወሙት 170 ሰዎች ሳይቀሩ ውጤቱን አጠናክረውታል፤ ምክንያቱም ቤቱ ሙሉ እንደሆነ አሳይተዋል።

ዝም ያለ ሰው ድምፅ

እንግሊዝ አገር ያላችሁ ይህን በሕግ ተጽፎ አይታችሁታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ የአድማ ድምፅ እንዲጸና ከመምረጥ መብት ካላቸው አባላት ቢያንስ ግማሹ መሳተፍ አለበት አለ፤ ድምፁም በፖስታ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሥርዓት ነበር። በ2023 መጸው ዩሲዩ የተባለው የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ማኅበር በአገር አቀፍ ደረጃ ድምፅ ሲያሰጥ ብዙኃኑ መራጭ አድማውን ደገፈ። ተሳትፎው ግን ወደ 43 በመቶ ብቻ ስለነበር ውጤቱ ወደቀ። በዚያ ስሌት 1,000 አባል ባለበት 400 ሰው «አዎ» ቢልና ማንም ባይቃወም አድማው ሕጋዊ አይሆንም። 400 «አዎ»፣ 101 «አይሆንም» ቢሉ ግን ይጸናል። አድማውን የገደለው ተቃዋሚው ሳይሆን ፖስታውን ጠረጴዛ ላይ የረሳው ሰው ነው ማለት ነው።

የሚገርመው የአገራችንም ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አድማ ለማድረግ የማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛ የተገኙበት ስብሰባና የብዙኃን ድምፅ ይጠይቃል፤ ማስጠንቀቂያም ከ10 ቀን በፊት መሰጠት አለበት። የመንግሥት ሠራተኛው በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህሩም እንደዚያው። ቢሆንም «አድማ» በወረቀት ላይ ለአበሻ ባዕድ ነገር አይደለም። ባዕድ የሆነብን ያለ ፍርሃት ድምፅ መስጠቱ ነው።

የቪዛው ጉዳይ

አሁን ወደ ትክክለኛው ጭንቀት እንምጣ። «አትፍሩ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ሐቀኝነት አይደለም።

በመጀመሪያ፣ ድምፅ መስጠት በራሱ ቪዛን አይነካም። ሚስጥራዊ ድምፅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ማን ምን እንደመረጠ አያይም። የማኅበር አባል መሆንም መብት ነው፤ በግል ተቋማት የሚሠራበት የፌዴራል የሠራተኛ ሕግ ሠራተኛን በዜግነት አይለይም። በብዙ ማኅበራት ድምፅ የሚሰጠው አባል የሆነ ብቻ ስለሆነ «ዩኒየኑ አልጠየቀኝም» የሚል ሰው መጀመሪያ የአባልነት ፎርሙን መሙላቱን ይመልከት።

ሁለተኛ፣ አድማው ራሱ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። በኤፍ-ዋን ቪዛ ያለ ተማሪ ሕጋዊነቱ የተመሠረተው በሙሉ ጊዜ ተማሪነቱ ላይ ነው። ስለዚህ ማስተማሩን አቁሞ የራሱን ትምህርት ከቀጠለ የተማሪነት ደረጃው ይቀጥላል። ይሁን እንጂ በኢሚግሬሽን ደንቡ ውስጥ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በአንድ የሥራ ቦታ አድማ መኖሩን በይፋ ካረጋገጠ የኤፍ-ዋን ተማሪን በዚያ ሥራ ላይ የመሥራት ፈቃድ የሚያግድ አንቀጽ አለ። ኤች-ዋን-ቢ እና ጄ-ዋን ያላችሁ የራሳችሁ ደንብ አላችሁ። ይህን ከጓደኛ ወሬ ሳይሆን ከኢሚግሬሽን ጠበቃ መስማት ነው፤ ብዙ ዩኒየኖች የዓለም አቀፍ ሠራተኞች ኮሚቴና ጠበቃ ያዘጋጃሉ። ሰልፍ ላይ መቆም አንድ ነገር ነው፤ መንገድ ዘግቶ መታሰር ሌላ ነገር ነው። ዜጋው ጓደኛችሁ ታስሮ ማታ ቢፈታ ተረት ያወራበታል፤ ለእናንተ ግን ፋይል ይሆናል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። አድማ ላይ ያለ ሰው ደመወዝ ሊቆረጥበት ይችላል። ዩኤደብሊው በካሊፎርኒያው አድማ ጊዜ በሳምንት 400 ዶላር የአድማ ድጎማ ይከፍል ነበር፤ በ2023 ወደ 500 ከፍ አድርጎታል። ድጎማው የሚገኘው በሰልፉ ላይ ተራ በመግባት ነው። አሜሪካዊው ባልደረባችሁ ጉድለቱን ማታ ማታ ኡበር ነድቶ ይሞላዋል። የኤፍ-ዋን ተማሪ ያለ ፈቃድ ከካምፓስ ውጪ መሥራት ስለማይችል ይህ በር ዝግ ነው። በዚያ ላይ በየወሩ አገር ቤት የምንልከው አለ። እነዚህን ነገሮች ለዩኒየኑ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የችግር ፈንድ አለ፤ ግን ያልጠየቀ አያገኝም።

የሚሠሩበት ግዛትም ይለያል። ኒውዮርክ ውስጥ የመንግሥት በሆነው ኪዩኒ የሚሠራ ሰው በ1967ቱ ቴይለር ሕግ አድማ ተከልክሎበታል፤ ላልሠራበት ለእያንዳንዱ ቀን የሁለት ቀን ደመወዝ ይቆረጥበታል። በዚያው ከተማ የግል በሆነው በኮሎምቢያ ያለው ግን በፌዴራሉ ሕግ ሥር ስለሆነ አድማ መብቱ ነው። ቴክሳስ ለመንግሥት ሠራተኛ የኅብረት ድርድርንም አድማንም ይከለክላል። የግል ዩኒቨርሲቲ ቲኤዎች «ሠራተኛ ናቸው» የተባለው በ2016 የፌዴራሉ ቦርድ በኮሎምቢያ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ነው። ቦርዱ በ2000 «ናቸው» ብሎ፣ በ2004 «አይደሉም» ብሎ፣ በ2016 መልሶ «ናቸው» ያለ ስለሆነ ዘላለማዊ ነገር አድርገን አንቁጠረው።

ዩኒቨርሲቲዎችም ዝም ብለው አያዩም። በ2023 መጀመሪያ የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሠራተኞች ፊላደልፊያ ውስጥ አድማ ሲመቱ ዩኒቨርሲቲው የጤና መድናቸውንና የነጻ ትምህርት ጥቅማቸውን አነሳ። በአንድ ጊዜ የሺዎች ዶላር ሒሳብ መጣባቸው። ያልተከፈለ ሒሳብ ምዝገባን ካገደ፣ ምዝገባ ከታገደ ደግሞ ቪዛው ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የአበሻ ተማሪ የሚፈራው ይህን ሰንሰለት ነው፤ የሚፈራውም በምክንያት ነው።

ግን መልሱ ብቻን መሸሽ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ቅጣት የሚቀለው ተሳትፎ ሲበዛ ነው። ጥቂት ሰው ብቻ አድማ ላይ ከሆነ አንድ በአንድ መልቀም ይቻላል። ስንት ሰው አብሮ እንደሚቆም አስቀድሞ የሚያሳየው ደግሞ ያው የአድማ ድምፅ ነው። ስለዚህ ለቪዛው የሚፈራ ሰው የድምፁ ውጤት ከማንም በላይ ሊያሳስበው ይገባል።

ሁለተኛው ድምፅ

ብዙዎቻችን የማናስታውሰው ሌላ ድምፅ አለ። ኮሚቴውና ዩኒቨርሲቲው ጊዜያዊ ስምምነት ሲፈራረሙ አባላት የሚያጸድቁበት ድምፅ ነው። ውሉን ውል የሚያደርገው እሱ ነው።

ኮሎምቢያን እንመልከት። በ2021 ጸደይ ከሳምንታት አድማ በኋላ የድርድር ኮሚቴው ስምምነት ይዞ መጣ። አባላቱ 1,093 ለ970 በሆነ ድምፅ ጣሉት። ልዩነቱ 123 ሰው ነው፤ አንድ ትልቅ የመማሪያ ክፍል ሙሉ ሰው! ከዚያ አዲስ ኮሚቴ ተመረጠ፣ በመጸው ሁለተኛ አድማ ተመታ፣ አሥር ሳምንት ገደማ ከቆየ በኋላ በጥር 2022 የተሻለ ስምምነት ተገኘ። በመካከሉ ዩኒቨርሲቲው ወደ ሥራ ያልተመለሰ ሰው የሚቀጥለው ወቅት ሥራው ላይረጋገጥለት እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ኢሜይል ልኮ ነበር። ድሉ በነጻ የመጣ አይደለም።

በቴምፕልም የመጀመሪያው ስምምነት 92 በመቶ በሆነ ድምፅ ወደቀ። ከሳምንታት በኋላ የመጣው ሁለተኛው 344 ለ8 ጸደቀ። በዓመት 19,500 ዶላር ገደማ የነበረው መነሻ ክፍያ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 24,000፣ በውሉ መጨረሻ ወደ 27,000 እንዲደርስ ተስማሙ።

በካሊፎርኒያ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ዩኒየኑ የተነሳው በ54,000 ዶላር መነሻ ክፍያ ጥያቄ ነበር። ፖስትዶኮችና ተመራማሪዎች ቀድመው ተስማምተው ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ተማሪዎቹ ብቻቸውን ቀሩ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ቲኤዎቹ 61.6 በመቶ፣ ተማሪ ተመራማሪዎቹ 68.4 በመቶ በሆነ ድምፅ አጸደቁት። 23,000 ዶላር አካባቢ የነበረው የቲኤ ዝቅተኛ ክፍያ በ2024 መጸው ወደ 34,000 እንዲያድግ ተወሰነ። እንደ ሳንታ ክሩዝ ባሉ ካምፓሶች ብዙኃኑ «አይበቃንም» ብሎ ነበር። በኅዳር ከ97 በመቶ በላይ የነበረ አንድነት በታኅሣሥ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። ይህ ደግሞ ጤነኛ ነገር ነው። ሥልጣን ለኮሚቴው ስንሰጥ ፊርማችንን አሳልፈን አልሰጠንም፤ የመጨረሻው ቃል ተመልሶ ወደ እኛ ይመጣል። ያን ቀን ደክሞት፣ በገና ዕረፍት ተዘናግቶ ድምፅ ያልሰጠ ሰው የዓመታት ደመወዙን ሌሎች ወሰኑለት።

ቁልፉን ከመጫናችን በፊት

እኔ «ሁልጊዜ አዎ በሉ» አልልም። አንዳንድ የአድማ ጥሪ ያልበሰለ ነው፤ አንዳንዱም ሕግ ፊት ይወድቃል። በ2024 ጸደይ በዚያው በካሊፎርኒያ ዩኒየኑ ፖሊስ በካምፓስ ተቃውሞዎች ላይ የወሰደውን እርምጃ ምክንያት አድርጎ እንደገና አድማ ጠራ። ውሉ ገና አላለቀም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው «አድማ አይደረግም» የሚለውን አንቀጽ ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ሰኔ 7 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ዳኛው አድማውን በጊዜያዊ ትእዛዝ አስቆሙት። ስለዚህ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሚጠየቁትም እነዚህ ናቸው። ውላችን አልቋል ወይስ ገና ነው? በምንሠራበት ግዛት አድማ ይፈቀዳል? አድማው ለደመወዝ ነው ወይስ ዩኒቨርሲቲው ለፈጸመው የሕግ ጥሰት? በግል ተቋማት ሁለተኛው ዓይነት በቋሚ ተተኪ ከመባረር ይከላከላል፤ የመጀመሪያው ይህን ያህል ጥበቃ የለውም። የአድማ ድጎማው ስንት ነው፣ ከስንተኛው ቀን ይጀምራል? የጤና መድኑ ቢቋረጥ ማን ይሸፍናል? ለቪዛ ባለቤቶች የተዘጋጀ ጠበቃ አለ?

መልሱ ካላረካን «አይሆንም» እንበል። እሱም ድምፅ ነው፤ ኮሚቴውም «ለምን አሉ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። ካረካን «አዎ» እንበል። ያልሰጠነው ድምፅ ግን ከማንም ጋር አያጣላንም ብለን አንጽናና። በማግስቱ ጠዋት የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ ወረቀቱን ሲገልጥ፣ ያልመረጠውን ሰው ሁሉ ያለ ጥያቄ በራሱ በኩል ይቆጥረዋል።